አሮጌ ኳስ ምን ይመሰክራል?

በዚህ ዓምድ ስለ ቴምብርና ስለ አሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ ከእነዚህ ወጣ ያለ፣ ሲያዩት ዋጋ ያለው የማይመስል ነገር ስለሚሰበስቡ ሰዎች እናውራ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት የተሰነጠቀ የቆዳ ኳስ፣ የዛገ የብረት ቀለበት፣ ብል የበላው የሱፍ ማልያ፣ ጎማው የደረቀ ሸራ ጫማና ጠርዙ የተቀደደ የጨዋታ ትኬት ነው። ይኸውም የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ገና ሕፃን በነበረበት ዘመን፣ ከ1891 ጀምሮ ባሉት አምሳ ዓመታት ገደማ፣ ሰዎች የተጫወቱበት ዕቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገር።

ጤነኛ ሰው ለተቀደደ ኳስ ገንዘብ ያወጣልን? ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። አትፍረዱበት፤ ኳስ ሲቀደድ የሚጣል ዕቃ ነው። ነገር ግን ሥራው እንደሚመስለው የሥራ ፈቶች ጨዋታ አይደለም። አሮጌ ዕቃ በፍርድ ቤት እንደሚቆም ምስክር ነው፤ ያየውን ይናገራል። ምስክርም እንደ መሆኑ ሊታመን ይችላል፤ ሊጠረጠር ይችላል፤ አፉን ሊዘጋ ይችላል፤ አልፎ አልፎም በገንዘብ ተደልሎ ሊዋሽ ይችላል። የሰብሳቢው ዕውቀት ሁሉ ይህን ለይቶ ማወቅ ነው። ይህም ዕውቀት ለቅርጫት ኳስ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አሮጌ ዕቃ የሚያገለግል ስለ ሆነ፣ ኳስ ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ታገሡን።

ከሰሌዳ ላይ የተነቀሉት ሁለት ወረቀቶች

ነገሩ የጀመረው በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። በዚያ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ በእኛ ዘንድ በአጭሩ ወወክማ የሚባለው፣ አንድ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበረው። በ1891 የበረዶው ወራት ሲቃረብ፣ ለማኅበሩ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይሠለጥኑ የነበሩ 18 ጎልማሶች አስተማሪዎቻቸውን አስቸገሩ። የሜዳ ጨዋታ በብርዱ ምክንያት ስለ ቀረባቸው በአዳራሽ ውስጥ ጂምናስቲክ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ እጅን ወደ ላይ፣ እግርን ወደ ጎን ማለቱ ግን አንገሸገሻቸው። ሁለት አስተማሪዎች ሞክረዋቸው አልሆነላቸውም። በመጨረሻም የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሉተር ጉሊክ ጉዳዩን ለጄምስ ኔይስሚዝ፣ ለአንድ የ30 ዓመት ካናዳዊ መምህር አስረከበው፤ አዲስ የቤት ውስጥ ጨዋታ እንዲያገኝም የ14 ቀን ጊዜ ሰጠው።

ኔይስሚዝ የሚያውቃቸውን የሜዳ ጨዋታዎች እያሻሻለ ወደ አዳራሹ ቢያስገባ፣ ሁሉም ለጠባብ ቦታ የማይሆኑ ሆኑበት። ከዚህ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣለት። ጎሉ ከራስ በላይ ቢሰቀል ኳሱን በኃይል መምታት ዋጋ ያጣል፤ ቀስ ብሎ፣ አነጣጥሮ መወርወር ግድ ይሆናል። ተጫዋቹም ኳስ ይዞ እንዳይሮጥ ቢከለከል፣ ሰው ሰውን የሚጥልበት ምክንያት አይኖርም። ለጎል የሚሆኑ ሁለት ሣጥኖች እንዲፈልግለት የሕንፃውን ጠባቂ ቢጠይቀው፣ ጠባቂው ሣጥን አጥቶ ሁለት የኮክ ቅርጫት አመጣለት። ቅርጫቶቹ በአዳራሹ ሰገነት መከታ ላይ በሚስማር ተመቱ። መከታው ከወለሉ 10 ጫማ፣ ማለት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ይርቅ ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የቅርጫቱ ከፍታ ያው ነው። እንግዲህ የዓለም ሕግ የሆነው ቁጥር የአንድ ሰገነት መከታ በአጋጣሚ የነበረው ከፍታ ነው።

አሥራ ሦስቱ የጨዋታ ሕጎች በጽሕፈት መኪና በሁለት ወረቀት ላይ ተጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፉ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1891 ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው በእግር ኳስ ተጫወቱ። በጨዋታው የገባው ጎል አንድ ብቻ ነው፤ አግቢውም ዊልያም ቼዝ የሚባል ተማሪ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገራችን እንመለስ። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ፍራንክ ማሃን የሚባል አንድ ነበር። ይህ ሰው ወረቀቶቹን ለመታሰቢያ ብሎ ከሰሌዳው ላይ ነቅሎ ወሰዳቸው። ቆይቶ ግን ለባለቤታቸው እንደሚገቡ ተሰማውና ለኔይስሚዝ መለሰለት። ጨዋታው በመምህሩ ስም እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረበው፣ ኔይስሚዝ ስቆ እንቢ ባለ ጊዜም «የቅርጫት ኳስ» የሚለውን ስም ያወጣው ይኸው ማሃን ነው። ኔይስሚዝ በ1931 በወረቀቱ ላይ በእጁ ማስታወሻ ጽፎ ፈረመበት፤ በ1939 ሞተ። ወረቀቶቹም ከዘመዶቹ ዘንድ ቆዩ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2010 በኒው ዮርክ በሶዝቢ የሐራጅ ቤት ሲሸጡ፣ የገዛቸው ዴቪድ ቡዝ የተባለ ባለጸጋ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ከ4 ሚሊዮን 300 ሺህ ዶላር በላይ ከፈለባቸው። ኔይስሚዝ ለረጅም ዘመን ባስተማረበት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲም በክብር እንዲቀመጡ አደረገ።

እስቲ አስቡት። ማሃን ባይነቅላቸው ኖሮ በሳምንቱ ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፍባቸውና ወረቀቶቹ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይሄዱ ነበር። ነቅሎም ለራሱ ቢያስቀራቸው፣ ምናልባት ከሞተ በኋላ የማንም ያልሆኑ ሁለት ብጫ ወረቀቶች ሆነው በቀሩ ነበር። ዋጋ የሰጣቸው ማን ጻፋቸው፣ የት ተለጠፉ፣ ማን ወሰዳቸው፣ ለማን ተመለሱ የሚለው ታሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሳይበጠስ አብሯቸው መሄዱ ነው። ያ ሁሉ ሚሊዮን የተከፈለው ለወረቀቱ አይደለም፤ ለምስክርነቱ ነው።

ዕቃውን እንደ መጽሐፍ ማንበብ

እንዲህ ያለ የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው ዕቃ ግን ብዙ ነው። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ዕቃውን ራሱን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። የጨዋታው ሕግ በተለወጠ ቁጥር ለውጡ በዕቃው ላይ ምልክቱን ጥሏልና።

በመጀመሪያ ቅርጫቱን ተመልከቱ። የኮክ ቅርጫት ታቹ ድፍን ነው። ስለዚህ ጎል በገባ ቁጥር አንድ ሰው መሰላል ወጥቶ ኳሱን ማውረድ ነበረበት። በ1893 በፕሮቪደንስ ከተማ የሚገኘው ናራጋንሴት የተባለ ፋብሪካ የብረት ቀለበትና ከገመድ የተሠራ እንደ ከረጢት ያለ መረብ አወጣ፤ ከታች ሆነው ማውረጃውን ሲስቡት ኳሱ ይወጣል። ታቹ ክፍት የሆነ መረብ በሕግ የተፈቀደው ከ1912 ገደማ ጀምሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሰብሳቢ የዛገ ቀለበት ሲያገኝ የማውረጃው ገመድ ይያያዝበት የነበረውን ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘ ቀለበቱ ምን ያህል እንደሚያረጅ ፍንጭ ይሰጠዋል።

ቀጥሎ ሰሌዳው አለ። ከቅርጫቱ በስተኋላ የሚቆመው ሰሌዳ ዛሬ ኳስ ለማንጠር የተሠራ ይመስለናል። እውነተኛው ምክንያት ግን ተመልካቹ ነው። በሰገነቱ ላይ የቆመ ደጋፊ እጁን ዘርግቶ የባላጋራን ኳስ ይመልስ፣ የወገኑንም ያስገባ ስለ ነበር፣ እጁን ለመከልከል ሲባል ሰሌዳ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ከሽቦ ወንፊት የተሠሩ ነበሩ። ሽቦው በኳስ ሲመታ ይሰረጉዳል፤ የሜዳው ባለቤቶችም የትኛው ስርጉድ ኳሱን ወዴት እንደሚልከው እያጠኑ እንግዳውን ቡድን ያታልሉበት ነበር። በዚህም ምክንያት እንጨት፣ ከዚያም መስተዋት ተተካ።

ወደ ኳሱ እንምጣ። በመጀመሪያ የተጫወቱት በእግር ኳስ መሆኑን ከላይ ተናግረናል። ለዚሁ ጨዋታ ተብሎ ኳስ መሠራት የጀመረው በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች አንዱ በስፕሪንግፊልድ አጠገብ ብስክሌት ይሠራ የነበረው የኦቨርማን ኩባንያ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ስፖልዲንግ ገበያውን ያዘ። የዚያ ዘመን ኳስ ከቆዳ ቁራጮች የተሰፋ ነው፤ በውስጡ የጎማ ፊኛ አለ፤ ፊኛው የሚገባበት ቀዳዳ እንደ ጫማ በማሰሪያ ይታሰራል። ኳሱ መሬት ሲመታ በማሰሪያው በኩል ከወደቀ ወዳልታሰበበት ይነጥራል። እንግዲህ የያኔው ተጫዋች ኳስ እያነጠረ ከመሄድ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መቀባበል የመረጠበትን ምክንያት ማሰሪያው ራሱ ይነግራችኋል። ማሰሪያው በ1930ዎቹ ዓመታት ጠፋ። ብርቱካናማው ቀለም እንኳ የቅርብ ጊዜ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቶኒ ሂንክል የተባለው አሠልጣኝ ኳሱ ለተጫዋችም ለተመልካችም ጎልቶ እንዲታይ ብሎ እስኪያመጣው ድረስ የቅርጫት ኳስ ቡናማ ነበር።

መጠኑም ይመሰክራል። የጥንቱ ኳስ ዙሪያው እስከ 32 ኢንች፣ ማለት እስከ 81 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ነበር፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ኢንች ገደማ ወረደ። የልብስ ሰፊ ሜትር ያለው ሁሉ ሊለካው ይችላል። ነገር ግን ቆዳ በዕድሜና በአየር ብዛት ይለጠጣልና በልኩ ብቻ አትፍረዱ። ጽሕፈቱንም አንብቡ። የጨዋታው የእንግሊዝኛ ስም በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት ገደማ የሚጻፈው እንደ ዛሬው ተያይዞ ሳይሆን በሁለት የተለያዩ ቃላት ነበር፤ በኳሱ ማኅተም ላይም እንዲሁ።

ስለ ጫማው አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። በ1908 በማሳቹሴትስ የተቋቋመው የኮንቨርስ ኩባንያ «ኦል ስታር» የተባለውን ሸራ ጫማ ያወጣው በ1917 ነው። ቻክ ቴይለር የተባለው ተጫዋችና ሻጭ ፊርማው በጫማው ክብ ምልክት ላይ የተጨመረው ግን በ1930ዎቹ ነው። ስለዚህ ፊርማው ያለበትን ጫማ ይዞ «የ1920 ነው» የሚላችሁ ነጋዴ፣ ወይ አያውቅም፣ ወይ አታውቁም ብሎ ገምቷችኋል።

ምስክሩ ሲዋሽ

ገንዘብ በገባበት ሁሉ ውሸት ይከተላል። በአሜሪካ አገር በ1990ዎቹ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ የዝነኛ ስፖርተኞችን ፊርማ እያስመሰሉ ይሸጡ የነበሩ ቡድኖችን አሳዶ እስከ መያዝ ደርሷል። በአሮጌ ኳስ ላይም የሚሠራ ተንኮል አለ። በዚያ ዘመን አንድ ቡድን ፎቶግራፍ ሲነሣ በመካከል የተቀመጠው ተጫዋች ኳስ ይይዛል፤ በኳሱም ላይ የቡድኑ ስምና የውድድሩ ዓመት በነጭ ቀለም ይጻፋል። ዓመት የተጻፈበት ኳስ በገበያ ላይ ምንም ካልተጻፈበት ኳስ ዋጋው እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ፣ ምንም ያልተጻፈበትን አሮጌ ኳስ ገዝቶ ብሩሽ ቢያነሣ ምን ይከለክለዋል?

የሚከለክለው የገዢው ዓይን ነው። ቀለሙን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት። ቆዳው ገና አዲስ ሳለ የተቀባ ቀለም ከቆዳው ጋር አብሮ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ቀለሙንም ቆዳውንም ያቋርጣል። ቆዳው ከተሰነጠቀ በኋላ የተቀባ ቀለም ግን ወደ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ይገኛል። ሌላም ዘዴ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ክርና ወረቀት ነጭ እንዲመስሉ የሚያበራ ኬሚካል ይጨመርባቸው ጀመር። የሐሰት ገንዘብ ለመመርመር ባንክ ቤቶች በሚጠቀሙበት ዓይነት መብራት ሲታዩ እንዲህ ያሉ ክሮች በሰማያዊ ብርሃን ያበራሉ። የ1905 ነው የተባለ ኳስ ስፌቱ እንደ ኮከብ ቢያበራ፣ ስፌቱ ቢያንስ ታድሷል ማለት ነው።

ከአታላዩ ይልቅ ብዙ ዕቃ ያጠፋው ግን ቅን ልብ ያለው ሰው ነው። ይህ ሰው የአያቱን ኳስ ያገኛል፤ ደስ ይለዋል፤ አቧራውን በሳሙና ያጥባል፤ እንደ ሊስትሮ የጫማ ቀለም ይቀባዋል፤ ማሰሪያውን አውጥቶ በአዲስ ይለውጣል፤ በመጨረሻም በፓምፕ ይነፋዋል። በዚህም የመቶ ዓመት ስፌት ተተርትሮ ያርፋል። የላቡ ምልክት፣ የወለሉ ጭረት፣ የደበዘዘው ጽሕፈት፣ ይህ ሁሉ የምስክሩ ቃል ነበር፤ እርሱም በሳሙና አጥቦ አፉን ዘጋው። እንዲህ ያለውን ኳስ አትንፉት፤ አትቀቡት፤ ማሰሪያውን አትንኩ። ቅርጹን እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ከአሲድ ነፃ የሆነ ለስላሳ ወረቀት በቀስታ ሙሉበት፤ ጋዜጣ ግን አሲድ ስላለበት ይጎዳዋል። ሱፉን ከብል፣ ጎማውን ከፀሐይና ከሙቀት፣ ቆዳውን ከእርጥበት ጠብቁ። ከዚህ በላይ ዋናው ሕክምና መተው ነው።

ምስክር ሊያጡ የነበሩ ሰዎች

እስካሁን የተናገርነው የዋጋና የብልሃት ጉዳይ ቢመስል፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የፍትሕ ጉዳይ ነው።

የቅርጫት ኳስ በተፈጠረ በዓመቱ ገደማ፣ ከስፕሪንግፊልድ ብዙ በማይርቀው የስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ፣ ሴንዳ ቤረንሰን የተባለች መምህርት ጨዋታውን ለሴት ተማሪዎች አስተማረች። መጋቢት 22 ቀን 1893 የኮሌጁ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ ወንድ ተመልካች እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ቤረንሰን ሜዳውን በሦስት ከፍላ ተጫዋቾቹ ከየክፍላቸው እንዳይወጡ ደነገገች፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ብዙ ብትሮጥ ትታመማለች ተብሎ ይታመን ነበር። እንግዲህ ከዚያ ዘመን የቀረ የሴት ተጫዋች ሰፊ ሱሪ፣ ወይም ሦስት ክፍል ያለው የሜዳ ንድፍ ያለበት የሕግ መጽሐፍ፣ ስለ አንድ ዘመን አስተሳሰብ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ይናገራል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢ ሁሉ በወንዶቹ ኳስ ሲሻማ እንዲህ ያለው ዕቃ በየሣጥኑ ታች ይቀራል።

የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ኤድዊን ሄንደርሰን የተባለ የዋሽንግተን መምህር በ1904 በሃርቫርድ በክረምት ትምህርት የቅርጫት ኳስን ተምሮ ለከተማው ጥቁር ተማሪዎች አስተማረ። ከዚያ በኋላ በየከተማው የጥቁሮች ቡድኖች ተቋቋሙ። ነጮቹ በሊጎቻቸው ስለማያስገቧቸው በየዳንስ አዳራሹ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይጫወቱ ነበር። በ1923 በሃርለም የተቋቋመው የኒው ዮርክ ሬኔሳንስ ቡድን በ1939 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ፕሮፌሽናል ውድድር አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ብሔራዊው የቅርጫት ኳስ ማኅበር ጥቁር ተጫዋቾችን የተቀበለው ግን ከ1950 ጀምሮ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ አሮጌዎቹ ቡድኖች ፈረሱ፤ ዕቃቸውን የሚያስቀምጥ ቤተ መዘክር አልነበረም፤ የተጫወቱትም ሰዎች እያረጁ አለፉ። እንዲህ ሆኖ የአርባ ዓመት ታሪክ ሊጠፋ ተቃረበ።

ይህን ታሪክ ለመሰብሰብ ከተነሡት አንዱ ክሎድ ጆንሰን የተባለ ሰው ነው። በ1990ዎቹ በዚያው በብሔራዊው ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ተቀጣሪ ሳለ፣ ስለ ጥቁሮቹ ቡድኖች የተጻፈው እጅግ ጥቂት መሆኑን ተመለከተ። ቡድኖቹ በሜዳ ላይ በሚሰለፉት አምስት ተጫዋቾች ምክንያት በእንግሊዝኛ «ብላክ ፋይቭስ»፣ ጥቁሮቹ አምስቶች፣ ይባሉ ነበር። ጆንሰን የተቀደደ ትኬት፣ የማስታወቂያ ወረቀት፣ የቡድን ፎቶግራፍ፣ አሮጌ ዕቃ እያለ ለዓመታት ለቃቀመ። በ2014 ስብስቡ በኒው ዮርክ የታሪክ ማኅበር ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታየ፤ በ2022 ደግሞ ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። ሄንደርሰንም በ2013 በስፕሪንግፊልድ በሚገኘው በኔይስሚዝ ስም በተሰየመው የዝነኞች አዳራሽ ስሙ ገባ፤ ይህም ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ ነው።

ልብ በሉ፤ በ1925 በሃርለም አንድ ሰው ትኬቱን ቀዶ ወደ ኪሱ ሲከተው ታሪክ አስቀምጣለሁ ብሎ አልነበረም። ትኬቱ ግን እዚያ ቀን፣ በዚያ አዳራሽ፣ በዚህን ያህል ሳንቲም፣ እነዚህ ሁለት ቡድኖች ተጋጥመው እንደ ነበር ይመሰክራል። ጋዜጣ ያልጻፈላቸው ሰዎች ጠበቃ የሆናቸው ያ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ትንሽ ገንዘብ ላለው ሰው

አንድ ተማሪ ወይም ገና ደመወዙ ያላደገ ጸሐፊ እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ምን ያደርጋል? ትሉ ይሆናል። ብዙ ያደርጋል።

መጀመሪያ፣ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» እንደሚባለው፣ አንድ ነገር ምረጡ። ሁሉን የሚሰበስብ ሰው ቤቱን መጋዘን ያደርጋል እንጂ ስብስብ አይኖረውም። ጫማ ቢሆን ጫማ፣ ፎቶግራፍ ቢሆን ፎቶግራፍ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከቆዳ በፊት ወረቀት ይቅደም። ስፖልዲንግ በየዓመቱ ያሳትማቸው የነበሩት የጨዋታ ሕግ መጻሕፍት በዘመናቸው በ10 ሳንቲም የሚሸጡ ቀጫጭን ነገሮች ነበሩ። ዛሬም ከኳሱ ይልቅ እጅግ ይረክሳሉ፤ በውስጣቸው ያለው የዕቃ ማስታወቂያና የቡድኖች ፎቶግራፍ ግን ለሌላው ዕቃ ሁሉ መመርመሪያ ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰብሳቢ ዕቃውን የሚያውቀው ከሻጩ አፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር መዝገብ ነው። በዚህ በኩል እናንተ የቢሮ ሰዎች ከባለጸጋው ትበልጣላችሁ፤ የመዝገብ ሥራ ታውቃላችሁና። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ስጡ። በደብተርም ላይ አምስት ነገር ጻፉ፦ ዕቃው ምንድን ነው? ማን ተጠቀመበት? መቼና የት? ከማን እጅ ወደ እኔ መጣ? ይህንንስ የነገረኝ ማን ነው፣ በምን ቀን? ሰምቻለሁ የሚለውን ከአይቻለሁ ለዩት። ቁጥሩን በዕቃው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ሙጫም አትለጥፉበት። በትንሽ ካርቶን ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ በጥጥ ክር እሰሩት።

አራተኛ፣ ማሃን ወረቀቶቹን መመለሱን አትርሱ። የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ንብረት የማንም ሰብሳቢ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ይደረጋል፤ ያረጀው ከመዝገብ ተሰርዞ ይወገዳል። ያን ጊዜ የስፖርት መምህሩን ወይም የንብረት ኃላፊውን ጠይቁ። ዕቃውን ለራሳችሁ ለመውሰድ አይሁን፤ ከመቃጠሉ በፊት አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ፣ ማን እንደ ተጫወተበትም እንዲጻፍ ለምኑ። የተጫወቱበት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ከሞቱ በኋላ ግን በ4 ሚሊዮን ዶላርም አይገኝም።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። የኮክ ቅርጫቱን የሰጠው ጠባቂ፣ ወረቀቱን የነቀለው ተማሪ፣ ትኬቱን በኪሱ የከተተው ተመልካች፣ ሁሉም በእጃቸው የያዙት መዳብ መስሏቸው ነበር። ከእነርሱ መካከል ነገሩን የጠበቀው ለልጅ ልጅ አደረሰው፤ የጣለውም ጣለው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ሣጥን ክፈቱ። ኳስ ባይኖር ዋንጫ፣ ዋንጫ ባይኖር አንድ የቡድን ፎቶግራፍ አይጠፋም። ፎቶግራፉን ገልብጡት፤ በጀርባው ስም ካልተጻፈ፣ የሚያውቁትን አዛውንት ጠይቃችሁ በለስላሳ እርሳስ ጻፉበት። ሳምንት በሌላ ወሬ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።